መጀመሪያ የራሳችንን ገጽ እንቁጠር

ይህ ጽሑፍ ሂስ ነው፤ ሂሱ ግን ከራሳችን ይጀምራል።

ባለፈው የትምህርት ዘመን እኛ፣ ማለት ይህችን ቡሌቲን የምናዘጋጀው ጥቂት ተማሪዎች፣ ለአንድ ኮርስ የክፍል ሥራ እንድናቀርብ ታዘን ነበር። ርእሱን የመረጥነው ራሳችን ነን፤ «የአማርኛ ጋዜጦች ስለ አእምሮ ጤና ያላቸው አመለካከት» የሚል ነበር። ዘዴው የይዘት ትንተና ሆነ። ከቤተ መጻሕፍት የጋዜጣ ጥራዝ አወጣን፤ ቅጽ አዘጋጀን፤ ቆጠርን፤ ደመርን፤ በመቶኛ አሰላን። ውጤቱም ደስ የሚል ሆኖ ተገኘ። ጋዜጦቻችን ስለ አእምሮ ሕመም የሚጽፉት በአክብሮት ነው፤ ሐኪም ይጠይቃሉ፤ ሕክምና መኖሩን ይናገራሉ፤ ኅብረተሰቡ ሕሙማንን እንዳያገል ይመክራሉ አልን። ተመሰገንን፤ ጥሩ ማርክም አገኘንበት።

ዛሬ ያ ሥራ ስሕተት ነበር እንላለን። ቁጥሩ አልተጭበረበረም፤ ድምሩም ልክ ነበር። ስሕተቱ ከዚያ የባሰ ነው። በአማርኛ የተጻፈውን ጋዜጣ በሰው አገር መስፈሪያ ሰፈርነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቅጹን የወሰድነው ከውጭ መጽሐፍ ነበር። በዚያ መጽሐፍ የሚፈለገውን ቃል ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሰን «የአእምሮ ሕመም» አልነው፤ ይህንኑ ሐረግ ይዘንም ጥራዙን ማገላበጥ ጀመርን። ለመሆኑ «የአእምሮ ሕመም» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ጋዜጣ የሚገኘው የት የት ነው? በጤና ዓምድ ላይ ነው። በስብሰባ ዜና ላይ ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ ኦክቶበር 10 ቀን፣ በኛ አቆጣጠር መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲከበር በሚወጣው መልእክት ላይ ነው። በሐረጉ የሚጠቀመው ሐኪም ነው፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ በጎ አድራጊ ነው። እንግዲህ መልካም ሰዎች በመልካም ቀን የተናገሩትን ብቻ ለቅመን ስናበቃ «አመለካከቱ መልካም ነው» ብለን ደመደምን። ይህ ማለት ሠርግ ቤት ገብቶ የበላውን በልቶ ሲወጣ «ያገሬ ሰው በየቀኑ ጮማ ይቆርጣል» ብሎ እንደ መመስከር ነው።

የቀረውስ ጋዜጣ? የቀረውስ ሬድዮና ቴሌቪዥን? በወንጀል ዜናው ላይ «እብድ» አለ። በስፖርቱ ገጽ ላይ «ደጋፊውን ያሳበደ ግብ» አለ። በፖለቲካው ሐተታ ላይ «የለየለት እብደት» አለ። በቀልዱ ዓምድ «ወፈፌ»፣ «ቀውስ»፣ «ንክ»፣ «ብሎኑ የላላ» አለ። በልብ ወለዱ «ጨርቁን ጥሎ ሄደ» አለ፤ በማስታወቂያው «የሚያሳብድ ቅናሽ» አለ። በበዓል ድራማው ደግሞ የተቀደደ ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩን አንጨባሮ፣ ታዳሚውን ሊያስቅ የሚገባ ሰው አለ። ይህ ሁሉ በቅጻችን ላይ ቦታ አልነበረውም። «አማኑኤል» የሚለውን ስም ብቻ እንኳ እንውሰድ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ አሠርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ፣ ስንቱ ሰው ታክሞ የወጣበት ቤት ነው። እኛ ግን ስሙን ስድብ አድርገነዋል፤ «እሱ እኮ አማኑኤል መግባት ያለበት ነው» ሲባል ማንም አይደነግጥም። ጓደኛውን በልብ ሕክምና ክፍል ስም የሚሰድብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህን ስሕተታችንን ያሳየን መምህር አይደለም። አንድ የዶርም ጓደኛችን ነው። ስሙን አንጠራም፤ እንዳንጠራም ጠይቆናል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ታሞ አንድ ዓመት ሙሉ ከትምህርት ተለይቶ ነበር። ታይፎይድ ይዞት ቢሆን ኖሮ ሄደን እንጠይቀው ነበር፤ ብርቱካን ገዝተን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን እናጫውተው ነበር። በሱ ጊዜ ግን ማንም አልሄደም። «ልጁ ለቀቀ እኮ» ተባባልን፤ መደርደሪያውን ተካፈልን፤ በቃ። ድኖ ሲመለስ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ክፍል መግባት ሲጀምር፣ እንዳልተፈጠረ ነገር ሰላም አልነውና በዚያ ሰሞን የወጣችውን የቡሌቲናችንን እትም ሰጠነው። በውስጧ ስለ አንድ እብድ የሚተርክ አጭር ልብ ወለድ ነበር። የጻፈው ከኛው አንዱ ነው፤ ብዙ ተጨብጭቦለታል።

ጓደኛችን አንብቦ መለሰልን። የተናገረውም ይህን ብቻ ነው፦ «ይሄ ሰውዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮሃል፣ ይስቃል፣ ድንጋይ ይወረውራል፣ ስለ አገር ይተነብያል። አንድ ጊዜ እንኳ ስንት ሰዓት ነው ብሎ አይጠይቅም? አይርበውም እንዴ? እኔ በታመምኩ ጊዜ አብዛኛውን ቀን የማስበው ስለ ምሳና ስለ እናቴ ነበር።»

መልስ አልነበረንም። ያን ዕለት ማታ የቡሌቲናችንን የቆዩ እትሞች አውርደን እንደገና ማንበብ ጀመርን። ያየነውን በቁጥር ዛሬ አናትመውም፤ ለምን እንደማናትመው ወደ ታች እንናገራለን። ግን ማንም ሊያየው የሚችለውን መደበቅ አንችልም። በግጥሞቻችን ውስጥ ፍቅር ያሳብዳል። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ኃጢአት የሠራ ገጸ ባሕርይ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ቅጣቱን በእብደት ይቀበላል። በጽሑፎቻችን ውስጥ ባላጋራችንን ልንጥለው ስንፈልግ «ጤናም የለው» እንላለን። ታሞ የተሻለው ሰው ግን የለም። መድኃኒት የሚውጥ ሰው የለም። ታማሚ ወንድሙን ወይም እናቱን የሚያስታምም ሰው የለም። ጋዜጣውን ልንከስ ተነሣን እንጂ ጋዜጣውስ የሚሠራውን ከኛ ተምሮት እንደሆነ ማን ያውቃል? ነገ በየጋዜጣውና በየሬድዮ ጣቢያው የሚቀጠሩት እነማን ናቸው? እኛው አይደለን?

ከዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቻችን «ታዲያ ቆጠራውን ተዉት፤ ጽሑፍ በቁና አይሰፈርም» ማለታቸው አይቀርም። አንተወውም። የተሳሳተው ቆጠራችን እንጂ መቁጠር አይደለም። ምክንያቱን ከታሪኩ እንጀምር።

የይዘት ትንተና እንዲሁ የመጣ ፋሽን አይደለም። በርናርድ ቤረልሰን በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን ሲተረጉም፣ በመልእክት ላይ በግልጽ የሚታየውን ይዘት ያለ አድልዎ፣ በሥርዓትና በቁጥር መግለጽ ነው ብሎ ነበር። ቁም ነገሩ «ያለ አድልዎ» የሚለው ላይ ነው። እኔ ጋዜጣ ሳነብ የማስታውሰው ያናደደኝን ነው፤ አንተ የምታስታውሰው ያስደሰተህን ነው። ቆጠራ ሁለታችንንም ዝም ያሰኝና ገጹ ራሱ እንዲናገር ያደርጋል። ጁም ናናሊ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ይህንኑ ዘዴ ለአእምሮ ጤና አዋለው። ሐኪሞች የሚያምኑትን፣ ተራው ሰው የሚያምነውንና መገናኛ ብዙኃን የሚያሳዩትን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ምን አገኘ? የተራው ሰው እምነት በሐኪሞቹና በመገናኛ ብዙኃኑ መካከል ሆኖ ተገኘ። ከሐኪሞቹ እምነት ይበልጥ የራቀው መገናኛ ብዙኃኑ የሚያሳየው ሥዕል ነበር። አስተውሉ፤ አንባቢው ከሚያነበው ነገር የተሻለ ነበር ማለት ነው። «ሕዝቡ የሚፈልገው ይህን ነው» እያለ የሚያመካኝ አዘጋጅ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቆጥሯል። በስኮትላንድ የግላስጎው ተመራማሪዎች የአንድ ወር፣ የኤፕሪል 1993 እ.ኤ.አ.፣ የብሪታንያን መገናኛ ብዙኃን ሰብስበው ሲመረምሩ ስለ አእምሮ ሕመም ከተነገረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሕመሙን በሰው ላይ ጉዳት ከማድረስ ጋር ያያዘ ነበር። በአሜሪካም በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ1995 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ከወጡት ዜናዎች 400 ያህሉን በናሙና ወስዶ ቢቆጥር፣ ከመቶ 55ቱ ኃይልንና ጉዳትን አንሥተዋል። ሕክምናን ያነሡት ከመቶ 47 ናቸው። ታክሞ የተሻለውን ሰው ያነሡት ግን ከመቶ 14 ብቻ! በዚያ አገር ከሚፈጸመው የኃይል ድርጊት በአእምሮ ሕመም ሳቢያ የሚደርሰው ከመቶ 5 እንደማይሞላ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የቻለ ሰው ከመቶ ገጽ ስብከት የበለጠ ተናግሯል። ለዚህ ነው መቁጠርን የማንተወው።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። የግላስጎዎቹ ገጹን ቆጥረው አላቆሙም፤ ሰዎችንም ሰብስበው ጠየቁ። በዚህም የሚያስደነግጥ ነገር አገኙ። በሕይወታቸው የአእምሮ ሕሙማንን በቅርብ የሚያውቁ፣ ማንም ምንም እንዳላደረጋቸው ራሳቸው የሚመሰክሩ ሰዎች ሳይቀሩ፣ በቴሌቪዥን ባዩት ነገር የተነሣ ይፈሩ ነበር። በተለምዶ ሰው በዓይኑ ያየውን ያምናል ይባላል። እዚህ ላይ ግን ሥዕሉ ዓይንን አሸነፈ። እኛም ከጓደኛችን ጋር ስንት ወር በአንድ ክፍል አድረን፣ ስኳር ተበዳድረን፣ ሲታመም ግን የምናውቀውን ልጅ ትተን የልብ ወለዱን እብድ ነው የፈራነው።

ደግሞም «የቃል ነገር ምን ያደርጋል? ቃል ቢለወጥ ነገሩ አይለወጥ» ለሚሉ አንድ ነገር እናስታውሳቸው። በሴፕቴምበር 2003 እ.ኤ.አ. የታወቀው ቦክሰኛ ፍራንክ ብሩኖ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ፣ «ዘ ሰን» የተባለው የለንደን ጋዜጣ በፊት ገጹ ላይ «ያበደው ብሩኖ ተቆለፈበት» የሚል ስሜት ያለው ርእስ አወጣ። አንባቢው ተቆጣ። ጋዜጣውም በዚያው ዕለት በኋለኛው እትሙ ርእሱን ለውጦ «አሳዛኙ ብሩኖ በአእምሮ ሕሙማን ቤት» አለው። የለወጠው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሚኒስትርም አይደለም፤ አንባቢ ነው። ቃል ዋጋ ከሌለው ለምን ለወጡት? ዋጋው ቢታወቃቸው ነው እንጂ!

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ ለኛ የከበደው ተቃውሞም ከዚሁ የሚነሣ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ብዙ ጊዜ የምንሰማው አቋም እንዲህ ይላል፦ «የአእምሮ ጤና ችግር በኢትዮጵያ የሐኪም እጥረት ነው፤ የመድኃኒት እጥረት ነው፤ የድህነት ጉዳይ ነው። ሕዝቡ ጤና ጣቢያ አጥቶ እናንተ ‹እብድ› አትበሉ እያላችሁ ቃል ታርማላችሁ። ይህ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው።» ይህ አቋም በከፊል እውነት ስላለው ነው አደገኛ የሚሆነው። እጥረቱ እውነት ነው፤ አንክድም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወጥቶ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ያለመውም ለዚሁ ነው። ግን መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ደረሰ እንበል። ማን ሄዶ ይወስደዋል? በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናት አለ። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን የ178 ሰዎችን ቤተ ዘመዶች ጠይቆ ነበር። ከመቶ 75ቱ በቤታቸው ባለው ሕመም ሳቢያ መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ተናገሩ፤ ከመቶ 37ቱ ደግሞ ነገሩን መደበቅ እንደሚፈልጉ ገለጹ። እንግዲህ ጤና ጣቢያው ተሠርቶ፣ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ፣ በሽተኛው ጓሮ ተደብቆ ሊቀር ነው። የሚደብቀው ማን ነው? የሚወደው ቤተሰቡ ነው። የሚደብቀው ከማን ነው? ከኛ አፍ ነው! «የእነ እገሌ ልጅ እኮ አብዷል» ከሚለው አፍ። የእህቱ ጋብቻ እንዳይሰናከል፣ የቤቱ ስም እንዳይጠፋ ብሎ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከድህነቱ ውጭ ያለ ጌጥ አይደለም፤ በሽተኛውን ከሐኪሙ የሚያርቀው አንዱ አጥር ራሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሳችን ከጸሐፊዎቹ ነው። «በኛ ባህል እብድ ክብር አለው፤ እውነትን የሚናገር እሱ ነው፤ እኛም እብድን የምናመጣው ልናከብረው ነው» ይላሉ። ይህ ለጆሮ ይጣፍጣል። እስቲ ግን ረጋ ብለን እንየው። ጸሐፊ በገዛ አፉ ሊናገር የፈራውን ነገር በእብድ አፍ ያናግራል። ቢጠየቅ «እብድ ነው ያለው» ይላል። ብልሃቱን አንንቅም፤ በአስቸጋሪ ጊዜ ብዙዎችን ጠቅሟል። ግን ያ የሚናገረው የታመመው ሰው ነው? አይደለም፤ ጸሐፊው ነው። በሽተኛው ልብሱን ብቻ ነው ያዋሰው። አንድን ሰው እንደ ኮት ለብሶ መናገር እሱን ማክበር ከሆነ፣ ኮቱ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ አለ? ተረትና ምሳሌው «እብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» ይላል። እኛም ለመገላገል የገባን መስሎን ድንጋይ ስናቀብል እንዳንገኝ እንጠንቀቅ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? «ይደረግ» ብሎ ማቆም የተለመደ ነው፤ እኛ ግን ቅጹን ይዘን መጥተናል። አዲሱ የመመዝገቢያ ቅጽ አምስት ዓምድ አለው።

አንደኛው ዓምድ፦ ቃሉ። «የአእምሮ ሕመም» ብቻ ሳይሆን አማርኛችን ያለውን ሁሉ፣ ከ«እብድ» እስከ «ነካ ያደርገዋል»፣ እንዳለ መጻፍ። ለቃሉ መዝገብ የሚሆነው የውጭ መጽሐፍ ሳይሆን ዶርማችን፣ ገበያው፣ ጠበል ቦታውና ታክሲው ነው።

ሁለተኛው ዓምድ፦ ቃሉ የዋለበት ሥራ። ስለ በሽታ ነው የተነገረው? ስድብ ነው? ሙገሳ ነው? ማነጻጸሪያ ነው? «ያሳብዳል» ብሎ ዘፈን ያደነቀውና «እብድ ነህ» ብሎ ሰውን ያዋረደው በአንድ ድምር ሊገቡ አይገባም። ከቆጠራው ማውጣት ግን አይቻልም።

ሦስተኛው ዓምድ፦ ሕመሙን ማን ተናገረ? ሐኪም? ፖሊስ? ጎረቤት? ወይስ ጋዜጠኛው ራሱ ገምቶ? አንድ ሰው ወንጀል በፈጸመ ቁጥር «የአእምሮ ችግር እንዳለበት ይነገራል» የሚል ዓረፍተ ነገር እናነባለን። ማን ነው የሚናገረው? ይህ «ይነገራል» የሚሉት ሰውዬ አድራሻው የት ነው?

አራተኛው ዓምድ፦ የታመመው ሰው ራሱ ተናግሯል? ከተናገረስ አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር አለው? ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ስንት ሰዓት ነው፣ እናቴ ደኅና ናት? ይህን ዓምድ የሰጠን ጓደኛችን ነው። በየትኛውም የውጭ ቅጽ ላይ አላየነውም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ይመስለናል።

አምስተኛው ዓምድ፦ መጨረሻው ምን ሆነ? ሞተ? ታሰረ? ጠፋ? ወይስ ተሽሎት ሥራው ላይ ተገኘ? ታክሞ የዳነ ሰው በገጽ ላይ ካልታየ፣ አንባቢ ሕክምና መኖሩን ቢሰማም አያምንም።

ቃል ገብተን ነበርና የቡሌቲናችንን ውጤት ለምን ዛሬ እንደማናትም አሁን እንናገር። ቅጹን ይዘን ሁለታችን ለየብቻችን ተቀምጠን አንዱን እትም መዘገብን። ከዚያ አስተያየን። አልተስማማንም። አንድ ግጥም ውስጥ ገጣሚው «አብጄልሻለሁ» ይላል። አንደኛችን «ይህ የፍቅር ቋንቋ ነው፤ ከበሽታ ጋር ምን አገናኘው?» አለ። ሁለተኛችን «ታዲያ ለምን ‹ወባ ይዞኝልሻል› አላለም? እብደት ከባድ መሆኑን ስለሚያውቅ አይደለም የመረጠው?» አለ። ክርክሩ እስከ እራት ድረስ ቆየ። ሁለታችንም ሞኝ አይደለንም፤ ቅጹ ግልጽ አልነበረም። ሁለት መዝጋቢዎች ካልተስማሙ ቁጥሩ የገጹ መሆኑ ቀርቶ የቆጣሪው ይሆናል። ደግሞም መስማማት ብቻ አይበቃም፤ ዓይን ጨፍነው ቢመዘግቡም በዕድል የሚገጥምላቸው ነገር አለ። ጄከብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካፓ የሚባል መለኪያ ያንን በዕድል የሚገጥመውን ቀንሶ የቀረውን ስምምነት ብቻ ያሳያል። እኛ ባለፈው ዓመት ይህን አላደረግንም። አንዱ ቆጠረ፤ ሌላው ጻፈ፤ ሦስተኛው ስሙን ጨመረ። ይኸው ነው እውነቱ። አሁን ስምምነታችን እስኪጠና ድረስ አንድም ቁጥር ከእጃችን አይወጣም።

እዚህ ላይ የዘዴውን ድክመትም እንናገር፤ አለበለዚያ ሌላ ጣዖት ማቆማችን ነው። የይዘት ትንተና በገጹ ላይ ያለውን ይቆጥራል። ገጹን ያነበበችው የታማሚው እናት ምን እንደተሰማት አይቆጥርም። ጸሐፊው በልቡ ምን እንዳሰበ አያውቅም። «ዘ ሰን» ቃሉን ሲለውጥ ቃሉ መለወጡን ይመዘግባል፤ ልቡ ይለወጥ አይለወጥ ግን አይነግረንም። ስለዚህ ቆጠራው የነገሩ መጀመሪያ ነው። ከቆጠርን በኋላ ገጹን ይዘን ወደ ሰው መሄድ አለብን፤ ለታመሙት፣ ላስታመሙት፣ ለጎረቤት አንብበን «ይህ እናንተ ናችሁ?» ማለት አለብን።

ጓደኛችንን ሦስተኛ መዝጋቢ እንዲሆን ጠይቀነው ነበር። እምቢ አለ። «እኔን የርእሳችሁ ምልክት አታድርጉኝ፤ ደግሞ ሚድ ኤግዛም ደርሶብኛል» አለን። ልክ ነው። ሥራው የኛ ነው። እሱ የመናገር ግዴታ የለበትም፤ እኛ ግን የማረም ግዴታ አለብን።

ስለዚህ ባልደረቦቻችን ሆይ! ከእናንተ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቡሌቲናችን የቆዩ እትሞች በእጃችሁ ካሉ አምጡልን፤ የጎደሉን አሉ። ሁለተኛ፣ ለመቁጠር ፈቃደኛ የሆናችሁ ኑ። ስታትስቲክስ ማወቅ አያስፈልግም፤ ማንበብና መከራከር በቂ ነው። ለቡሌቲኗ ግጥምና ልብ ወለድ የምትጽፉም ኑ፤ የምትቆጠሩት ከኛ ጋር ነውና። እብድ አትጻፉ አንልም። ማንንም ምን እንዳይጽፍ የመከልከል ሥልጣንም ፍላጎትም የለንም። የምንለው ይህ ነው፦ ስትጽፉት ሰው አድርጋችሁ ጻፉት፤ ይራበው፣ ሰዓት ይጠይቅ፣ የሚጠራበት ስም ይኑረው።

ውጤቱን በዚህችው ቡሌቲን እናትማለን፤ ቢያሳፍረንም እናትማለን። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጋዜጣው፣ ወደ ሬድዮው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ቅጻችንን ይዘን የምንሄደው። ያን ጊዜ «እናንተስ?» ብሎ ለሚጠይቀን አዘጋጅ የምናሳየው የራሳችን ገጽ ይኖረናል።